ስለ ሽታው ማንም ያልተናገረበት ቤት

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ በእህቴ በሰኪና ቤት ጓዳ አንድ የብር ድሪ ጠቁሮ ተገኘ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም።

ዜናው ይኸው ነው። ለአርታኢዬ ብልክለት «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ይመልስልኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ተቀምጬ የዞኑን ወሬ አዲስ አበባ ለሚታተም ሳምንታዊ ጋዜጣ የምልክ ዘጋቢ ስለነበርኩ፣ ዜና የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቼ አውቃለሁ። ድልድይ ሲመረቅ ዜና ነው። ድልድዩ ሲፈርስ መረጃው ገና በመጣራት ላይ ነው። የድሪ መጥቆር ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ችግሩ ድሪው የእህቴ አለመሆኑ ነው። የልጇ የራድያ እጮኛ የሙባረክ ቤተሰቦች ለመህር፣ ለሙሽራዋ ለሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ፣ ብለው ከሁለት ሳምንት በፊት በሽማግሌ ፊት ያስረከቡት ነው። ሲያስረክቡት እንደ ወተት ነጭ ነበር። ኒካሁ የሚታሰረው በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው።

እህቴ ስልክ ደወለች።

«አንተ ጋዜጠኛ! ቆርቆሮ ሰጥተውናል!»

ሰላምታ አልነበረም። እህቴ ያለ ሰላምታ ስትደውልልኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው አባታችን የሞተ ዕለት ነበር።

«ምን ዓይነት ቆርቆሮ?» አልኳት።

«ጥቁር ቆርቆሮ! ላይ ላዩን ብር የተቀባ! ወላሂ፣ ልጄን በጣሳ ሊወስዷት ነው።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም» አለች። «ለዘይነባ ብቻ» ብላ ጨመረች።

ዘይነባ የግድግዳ ጎረቤቷ ናት። የእኔ ጋዜጣ በሳምንት አንድ ጊዜ ይወጣል። ዘይነባ በየሰዓቱ ትወጣለች።

ያገኘሁትን ሚኒባስ ይዤ፣ በአገና ከተማ አድርጌ፣ ተራራውን ተሻግሬ ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ ደረስኩ። የግቢውን በር ስከፍት የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ቆጮ ሽታ አለው። እንሰቱ ተፍቆ፣ በቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ከርሞ ነው የሚበላው፤ መሬት ውስጥ ወራት ከርሞ ሽቶ ሽቶ የሚል ነገር ደግሞ እስካሁን አልተገኘም። ሽታው የሴትየዋ ሙያ ነው። ስለዚህ ሰው ቤት ገብቶ «ምን ይሸታል?» ማለት የባለቤቲቱን እጅ መስደብ ነው። በወግ ያደገ ሰው ቢሸተውም አይሸተውም። በጣም ሲሸተው ደግሞ «ቆጮ ጨምሩልኝ» ይላል።

እኔም በወግ ያደግኩ ሰው ነኝ።

«ቆጮሽ ደረሰ መሰለኝ፤ እጅሽ ይባረክ» አልኳት።

ሰኪና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «የእኔ አይደለም፤ የዘይነባ ነው። ጉድጓዷን ከፍታ ትታዋለች። እንዳትሰማህ።»

በኋላ እንዳጣራሁት፣ ዘይነባም በዚያው ሰሞን ለባሏ «የሰኪና ቆጮ ነው፤ እንዳትናገር» ብላው ነበር። ሁለቱ ሴቶች በግድግዳው ላይ ወጥ ሲቀባበሉና አንዷ የሌላይቱን እጅ ስታመሰግን ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል።

ቤት ስገባ ስብሰባ ተጠርቶ ጠበቀኝ። የእህቴ ባል ነስሩ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ላይ የቀበሌ ካቢኔ አባል ነው። የቀበሌ ካቢኔ አባል ከሆነ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብርጭቆ ቢሰበር እንኳ ግምገማ ሳይደረግበት አይታለፍም።

«አጀንዳ አንድ፣ የድሪው መጥቆር» አለ። «አጀንዳ ሁለት፣ ልዩ ልዩ። በቅድሚያ ድሪው በእጁ የነበረው ወገን ግለ ሂስ ያድርግ።»

«እኔ ምን አጥፍቼ?» አለች ሰኪና።

«በማን ኃላፊነት ነበር?»

«በእኔ።»

«እንግዲህ።»

«አንተስ ግለ ሂስ አታደርግም?»

ነስሩ አንገቱን ደፋ። «እኔ በሥራ ብዛት ምክንያት ለቤተሰቤ በቂ ጊዜ አልሰጠሁም» አለ። ይህ ግለ ሂስ በዞኑ በሙሉ የታወቀ ነው፤ እስካሁን ማንንም ከሥልጣን አላወረደም።

ድሪውን አየሁት። እንደ ከሰል ጠቁሯል። ከእኔ በፊት ገበያ ወርደው አንድ አንጥረኛ ጠይቀው ነበር፤ ፋቅ ፋቅ አድርጎ «ብር ነው» አላቸው። አንጥረኛው የሙባረክ አክስት ባል ሆኖ ስለተገኘ ምስክርነቱ ውድቅ ተደረገ። ሁለተኛውም «ብር ነው» አለ። እሱ ደግሞ የነስሩ የአጎት ልጅ ስለሆነ የወንዱ ወገኖች አያምኑትም ተባለ። ዝምድና የሌለው አንጥረኛ ለማግኘት ከጉራጌ መውጣት ያስፈልጋል።

ሌላው ወገን ወሬውን የሰማው ከእኔ ቀድሞ ነው። የዘይነባን ፍጥነት ጠቅሻለሁ። አመሻሹ ላይ የሙባረክ አያት ሐጂ ከሊል መልእክት ላኩ፤ «ድሪው የእናቴ ነው። ከቤቴ ሲወጣ ነጭ ነበር። አሁን ጥቁር ከሆነ ሌላ ድሪ ነው። ሐሙስ ከሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ፤ የእናቴን ድሪ መልሱ፣ ልጃችሁንም ያዙ።»

ሐጂ ከሊል ቀላል ሰው አይደሉም። ዕድሜያቸውን በንግድ የጨረሱ፣ አንድም ሰው አታሎኛል ብለው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ለዚህም ማስረጃቸው ግራ እጃቸው ላይ ያለው የብር ቀለበት ነው። ሐጅ የሄዱ ጊዜ ጅዳ ላይ ከአንድ ነጋዴ ጋር ከቀትሩ የዙሁር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት ተከራክረው የገዙት ነው። «ሻጩ እያለቀሰ ነው የሸጠልኝ» ይላሉ። ይህን ታሪክ በሰርግ፣ በለቅሶ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመንገድ ምረቃ ላይ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ወደ ጓሮ ስወጣ ራድያ ተከተለችኝ።

«አጎቴ፣ እኔ የማገባው ድሪውን አይደለም» አለች። «ሙባረክን ነው። ቆርቆሮም ቢሆን፣ የሚስማር ሰንሰለትም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ይህንን ለእናትሽ ነገርሻት?»

«ነገርኳት። ‹አንቺ ዝም በይ፤ ጉዳዩ አንቺን አይመለከትም› አለችኝ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? በአላህ፣ እውነቱን ፈልግልኝ።»

በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያው ነበር። እንዴት እንደሚጀመር ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሙያው እንደሚያዘው ምን፣ የት፣ መቼ ብዬ ተነሳሁ። ድሪው የነበረበት ሳጥን ጓዳ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነው። ከመደርደሪያው ሥር ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል አለ። ከበርሜሉ በላይ የተሰቀለ የመዳብ ሰሃንም ጠቁሯል፤ ግን ለመህር የመጣ ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም። በርሜሉ የሚሞላው ነስሩ ጓሮ ካስቆፈረው አዲስ የውሃ ጉድጓድ ነው። የከተማው ቧንቧ በጠፋ ሰሞን የተቆፈረ ሲሆን፣ ውሃ የሰጠው ድሪው በመጣ ማግስት ነው። ነስሩ ቀበሌው ጉድጓዱን ሞዴል ብሎ እንዲመርጠው ማመልከቻ አስገብቷል።

ጎንበስ ብዬ በርሜሉን አሸተትኩ። አንድ ዶሮ በሕይወት ዘመኗ ልትጥለው የምትችለው እንቁላል በሙሉ እዚያ ውስጥ የተበላሸ ይመስላል።

«በዚህ ውሃ ምን ትሠራላችሁ?» አልኩ።

«ልብስ እናጥብበታለን» አለች ሰኪና።

«ትጠጡታላችሁ?»

«አይ፣ አንጠጣውም።»

«ለምን?»

ነስሩን አየችው። ነስሩ ጣሪያውን አየ። «እንዲሁ ነው» አለች።

ጉድጓዱ የነስሩ ሙያ ነው፤ ቆጮ የሴት ሙያ እንደሆነው ሁሉ። እኔም አልተናገርኩም። በዝምታ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ በውሃው ሞልቼ፣ ሰኞ ጠዋት ወደ ወልቂጤ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነ ወዳጅ ስላለኝ እሱን ላሳየው ነው።

ጠርሙሱን ጭኔ ላይ ይዤ ፀሐይ በሚመታው ወገን ተቀመጥኩ። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነበር። ክዳኑን አጥብቄ አለመዝጋቴ ሁለተኛው ነው። ተራራውን ስንወጣ ጠርሙሱ ሞቀ፣ አበጠ፣ ከዚያም «ፍስስ» አለ።

መጀመሪያ ሁሉም ዝም አለ፤ የተሳፈረው ሰው በወግ ያደገ ነው። አጠገቤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ የታቀፉ እናት ተቀምጠዋል። ከኋላ የተቀመጠ የአዲስ አበባ ልጅ ግን ወጉን አያውቅም።

«ኧረ በናታችሁ መስኮት ክፈቱ! ልናልቅ ነው እኮ!»

«አይከፈትም» አሉ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ። «ብርድ ይመታኛል።»

«አባባ፣ ብርዱ ይሻላል!»

«መጥፎ ሽታ የገደለው ሰው አላውቅም። በብርድ የሞተ ግን ቆጥሬም አልዘልቀው።»

ልጁ ወደ እናቲቱ ዞረ። «ማዘር፣ ቆጮዋ ናት አይደል?»

እናቲቱ ቀስ ብለው ዞሩ። «የእኔ ቆጮ?» አሉ። «የእኔ ቆጮ እንዲህ ይሸታል? ና! አፍንጫህን ይዘህ ና!»

ጥቅሉን ፈቱ። ቆጮው ከወንበር ወንበር እየዞረ ሁሉም ሰው አሸተተ፤ ሾፌሩም ፍጥነቱን ቀንሶ አሸተተ። ቆጮው ንጹሕ መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። ቆጮው ንጹሕ ከሆነ ጥፋተኛው ሰው ነው ማለት ነው። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ሲተያይ ቆይቶ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ቆመ።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ፤ ጠርሙሱንም ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «ውሃው ነው።»

እናቲቱ ቆጯቸውን መልሰው ጠቀለሉ።

«ውሃው ነው ይላል» አሉ እናቲቱ፤ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ሐዘን ነበር። «ልጄ፣ ሐኪም አይተሃል?»

አገና ስንደርስ ጠርሙሱ ከላይ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ከተጫኑ ፍየሎች ጋር ታሰረ። ወልቂጤ ስንወርድ ፍየሎቹ በሙሉ በአንድ ጥግ ተጠጋግተው አገኘናቸው።

የኬሚስትሪ አስተማሪው መምህር ደረሰ ይባላል። ለብዙ ዓመት በጠመኔ ያስተማረውን ትምህርት በዚያ ሰሞን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተረክቦታል። ከግድግዳው ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው በፈጣን እንግሊዝኛ ሙከራ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል፣ መምህር ደረሰ ሲያልቅ ያጠፋዋል። የቤተ ሙከራው መጋዘን ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ሥልጠና ላይ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ጠርሙሱን ያቀረብኩለት።

ከፈተ። አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሽታው ይሁን ከደስታ እስካሁን አላጣራሁም።

«ሃይድሮጅን ሰልፋይድ!» አለ። «ፕላዝማው ሲያሳይ እኮ ሽታውን አያስተላልፍም!»

ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስተማረኝ። ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅኑን አንስተህ በቦታው ድኝ ብታስቀምጥ ይህን ጋዝ ታገኛለህ።

«አንድ ቦታ ላይ አንዱ በሌላው ስለተተካ ብቻ ነው እንዲህ የሚሸተው?» አልኩት።

«መሥሪያ ቤት አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

ጋዙን የሚሠሩት አየር በማይደርስበት ጥልቅ ቦታ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኦክስጅን ሲያጡ ውሃው ውስጥ ባለ ሰልፌት በተባለ የድኝ ውህድ ይተነፍሳሉ፤ የሚያስወጡት ይህን ነው። ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይለቃል። ብር ካገኘ ይይዘዋል። ብርና ድኝ ተጣብቀው ጥቁር ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑ ስስ ነው፣ ብሩ ከሥሩ ደህና ነው።

«ቆርቆሮ ቢሆንስ?»

«ቆርቆሮን እንዲህ አያጠቁረውም፤ ዞር ብሎም አያየው።»

«ስለዚህ ድሪው የጠቆረው እውነተኛ ብር ስለሆነ ነው!»

«እርግጥ ብር የተቀባም ይጠቁራል» አለ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር ሽማግሌዎች ፊት እንዳይደግማት ለመንኩት።

«ዋናውን አልነገርኩህም» አለ ፊቱን ኮስተር አድርጎ። «ጋዙ መርዝ ነው። ከአየር ይከብዳል፤ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። በጥቂቱ ሲሆን ይሸትሃል። ሲበዛ አፍንጫህ ማሽተቱን ያቆማል። ጋዙ ጠፍቶ አይደለም፤ አፍንጫህ መዘገቡን ትቶ ነው። ሰው ‹ሽታው ለቀቀ› ብሎ ይወርዳል፣ አይወጣም።»

ነገሩ ሲጠና ዘገባውን የሚያቆም አካል ፊቴ መሐል እንዳለ አላውቅም ነበር። ባልደረቦቼ ላይ ግን አይቼዋለሁ።

ወዲያው ለነስሩ ደወልኩ። «ጉድጓዱ ውስጥ ሰው እንዳታስገባ!»

«ረቡዕ የሚገባ ቆፋሪ ቀጥሬያለሁ» አለ። «ሊያጸዳው።»

«ምኑን?»

«ሽታውን።»

«ሽታ አለው እንዴ?»

«የለውም» አለ ነስሩ። ቆፋሪው ግን ቀረ።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት ሐጂ ከሊል ከሽማግሌዎቻቸው ጋር መጡ። ሙባረክ አብሮ መጥቶ ነበር፤ ነገሩ እስኪጣራ አይገባም ተብሎ ከግቢው በር ውጭ ቆመ። ራድያ በሳሎኑ በር ስንጥቅ በኩል ታየዋለች። ሁለቱ ሲተያዩ ላየ ሰው ጉዳዩ እነሱንም በመጠኑ የሚመለከት ይመስል ነበር።

መምህር ደረሰን ይዤው መጥቻለሁ። ነጭ ጋዋን ለብሷል።

«ሐኪም ነው?» አሉ ሐጂ።

«የኬሚስትሪ መምህር ነው» አልኩ። «ድሪውን ያጠቆረው የጓሮው ውሃ መሆኑን በዓይናችሁ ያሳያችኋል።»

«ብር ከሆነ ይጠቁራል፤ ቆርቆሮ ከሆነ አይነካም» አለ መምህር ደረሰ ጮክ ብሎ። ይህን ባይል ይሻል ነበር፤ ግን ገና አላወቅንም።

ሐጂ ከሊል አሰቡ። ነጋዴ ናቸው፤ ያለ መለኪያ አይሸጡም አይገዙም። ቀለበታቸውን ከጣታቸው አወለቁ።

«እንግዲያው መለኪያው ይህ ነው» አሉ። «የዚህን ብርነት የማያውቅ የለም። ቀለበቴ ከጠቆረ ጥፋቱ የውሃው ነው። ካልጠቆረ ጥፋቱ የሰው ነው፤ ድሪው ተለውጧል። ኒካሁም ይቀራል።»

«ፍርድ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ነስሩ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» አለ።

መምህሩ በመጀመሪያ ድሪውን አነጣው። የአሉሚኒየም ድስት አስመጣ፤ የፈላ የከተማ ውሃ፣ ጨውና ቤኪንግ ሶዳ ጨመረበት፤ ድሪውን የድስቱን ሆድ እንዲነካ አድርጎ ነከረው። ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል አለ። ሽማግሌዎቹ በድስቱ ዙሪያ አንገታቸውን አሰገጉ። ጥቁሩ እየሳሳ፣ እየሸሸ፣ ድሪው እንደመጣበት ቀን ነጭ ሆነ። ሰኪና እልል ልትል ስትል ነስሩ «ገና ነው» ብሎ ከለከላት።

ቀጥሎ መምህሩ ከጉድጓዱ የተቀዳ ውሃ አሙቆ በባልዲ ግቢው መሐል አስቀመጠ፤ ድሪውንና ቀለበቱን ጎን ለጎን በክር ከውሃው በላይ አንጠልጥሎ በፕላስቲክ ሸፈነው። እኛ በረንዳው ላይ ምሳ እየበላን እንድንጠብቅ ተወሰነ። ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ቀረበ።

ሽታው መጣ። ከዚህ በፊት የሸተተን መቅድሙ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ አቆሙ፣ ከዚያ በታላቅ ጥረት ዋጡ።

«ቆጮው ግሩም ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ጨምሩልኝ» አሉ ሌላው በደከመ ድምፅ።

ሐጂ ከሊል ሦስተኛ ጊዜ ሲያስጨምሩ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ተነሳሁና፣ «ይሸታል» አልኩ።

ሰኪና የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። «ቆጮዬን ነው?» አለች። «ወንድሜ፣ ሰው ፊት?»

«ቆጮሽን አይደለም። ውሃውን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሸቷል።»

ሐጂ ከሊል እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «እኔ ብቻዬን ነበር የመሰለኝ።»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አንዱ ከበሩ ጀምሮ እንደሸተታቸው፣ ሌላው ድሪውን ለማስረከብ የመጡ ጊዜ ባይሸታቸውም ከዚያ ወዲህ ለሰላምታ ጎራ ሲሉ እንደሸተታቸው ተናገሩ። ከግድግዳው ወዲያ የዘይነባ ድምፅ ተሰማ። «እኔም ሸቶኛል! የሰኪና መስሎኝ ነው!»

«እኔ ደግሞ የአንቺ መስሎኝ!» አለች ሰኪና። ሁለቱም ሳቁ። መጀመሪያ የተናገሩት ሽማግሌ ቆይተው «አሁንስ ለቀቀ፤ አይሸትም» አሉ።

«አልለቀቀም!» አለ መምህር ደረሰ ከወንበሩ ዘልሎ። «አፍንጫችሁ ነው የሰለቸው። ሁላችሁም ወደ ኋላ!» ሽማግሌዎቹ ወንበራቸውን ይዘው እስከ አጥሩ ድረስ አፈገፈጉ። ነስሩ ብቻውን ወደ ጓሮ ሄደ፤ የጉድጓዱን አፍ በጣውላ ከድኖ ከላይ ድንጋይ ሲጭንበት አየሁት። ሲመለስ ስለ ሞዴልነቱ አላነሳም።

ምሳው አበቃ። መምህሩ ትንፋሹን ይዞ ሄደና ፕላስቲኩን ገፈፈ።

ድሪው ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ደግሞ ጥቁር ሆኗል። ቀለበቱ እንደ ወተት ነጭ ነው።

«ማሻአላህ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። «የሐጂ ቀለበት አልተነካም!»

ደስታቸው ብዙ አልቆየም። ፍርዱ ትዝ አላቸው። ቀለበቱ ካልጠቆረ ጥፋቱ የሰው ነው። ሰኪና ግድግዳውን ተደገፈች። በሩ ስንጥቅ ላይ የነበረው የራድያ ዓይን ጠፋ። ሙባረክ የግቢውን በር በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

መምህር ደረሰ አፉን ሲከፍት አየሁ። ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ጠዋት ጮክ ብሎ ብሎታል። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ የእህቴን ቤት ከክሱ ነጻ ያወጣዋል። ነገር ግን ሐጂ ከሊል ጅዳ ላይ መታለላቸውን በገዛ ሽማግሌዎቻቸው ፊት ከተነገራቸው፣ ሰርግ የሚባል ነገር አይኖርም። እውነቱን ፈልግልኝ ተብዬ ነበር። አገኘሁት። የመምህሩን እግር ረገጥኩ።

ሐጂ ከሊል ሄደው ቀለበቱን ከክሩ ፈቱ። በጋቢያቸው ጠረጉት። ወደ ብርሃን አዞሩት። በጣታቸው ጫፍ ክብደቱን ለኩት፤ ዕድሜውን በሙሉ ዕቃ የገዛ ሰው እንደሚለካው። ለጥቂት ጊዜ የሚያዩት ቡታጅራን አልነበረም፤ ምናልባት የሚያለቅስ ሻጭ ነበር። ከዚያ ድሪውን በሌላ እጃቸው አነሱ።

«ይህ የእናቴ ድሪ ነው» አሉ። «እዚህች ጋ የጎደለች ቅንጣት አለች፤ ልጅ ሆኜ እኔ ነኝ የሰበርኳት። ዓይኔ እያየ ነጣ፣ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። ከዚህ ግቢ አልወጣም፣ ማንም አልለወጠውም። ጥፋቱ የውሃው ነው።»

«ግን ሐጂ፣ ቀለበቱ …» አሉ ቆጮው ግሩም ነው ያሉት ሽማግሌ።

«ቀለበቱ አልተከሰሰም» አሉ ሐጂ ከሊል።

ቀለበቱን ኪሳቸው ከተቱት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ የነስሩን አጥር አሠራር መመርመር ጀመሩ።

«ቆጮ አለ?» አሉ ሐጂ።

«አለ፣ ሐጂ! ሞልቷል!» አለች ሰኪና።

«ጨምሩልኝ።»

ሁላችንም አስጨመርን። ሙባረክ እንዲገባ ተፈቀደለት፤ በሩን ለመክፈት የሮጠችው ራድያ ናት፣ ማንም አልገሠጻትም።

ወደ ወልቂጤ ስንመለስ መምህር ደረሰ እስከ ተራራው ራስ ድረስ በመስኮት ሲያይ ሄደ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ቀለበቱ የብር ቅብ እንኳን የለውም እኮ» አለኝ።

«መረጃው ገና በመጣራት ላይ ነው» አልኩት።

ኒካሁ በተባለው እሁድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ታሰረ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ተከድኗል። ድሪው ነጭ ነበር። ሐጂ ከሊል ሙሽሮቹን ለመመረቅ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣታቸው ላይ ቀለበት አልነበረም።